ኬላ ፊቱን ያዞረ ጊዜ

በ1980 ዓ.ም. መስከረም ነው። ከቦንጋ ወደ ጅማ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ክረምቱን አክስቴ ዘንድ አሳልፌ፣ ትምህርት ሊከፈት ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ መመለሴ ነው። እግሬ ሥር ባለችው የሸራ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ሸሚዝ፣ ጠርዙ የተበላ የሥነ ጽሑፍ መጽሐፍ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ አክስቴ በአሮጌ የትራስ ጨርቅ ሰፍታ የሰጠችኝ አምስት ኪሎ ቡና አለ። «ለእናትህ የመስቀል ነው። ከጓሮ የተለቀመ ነው በላት» ብላኛለች።

ጎጀብ ወንዝ ሳንደርስ መንገዱ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ረዳቱ ወደ እኛ ዞሮ «ኬላ ነው፤ ሁላችሁም ዕቃችሁን ይዛችሁ ውረዱ!» አለ። አንድ ካኪ የለበሰ ሰው ሹል ብረት ይዞ በየጆንያውና በየቦርሳው እየወጋ ይመጣል። የኔ ተራ ደረሰ። ብረቱ ሸሚዞቼን አልፎ ትራሱ ላይ ሲደርስ ድምፅ ሰጠ። የቡና ፍሬ ሲወጋ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቡና ነው።»

«ፈቃድ አለህ?»

«ለእናቴ ነው፣ ለመስቀል።»

«እናትህ ነጋዴ ናት?»

አይደለችም አልኩ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መሃል ክፍተት ነበረው። ትራሱን በቢላ ቀደደና ቡናዬን ከሌላው ሰው ቡና ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ገለበጠው። ባዶውን ጨርቅ መለሰልኝ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ከኔ ቀጥላ የተሰለፈችውን እርጉዝ ሴት ግን «እትዬ፣ እርስዎ ይለፉ» አላት። ገመዱ ተነሥቶ አውቶቡሱ ጎጀብን እንደ ተሻገረ ሴትዮዋ እጇን ከቀሚሷ ሥር ሰደደችና ሰባት ወር ያረገዘችውን ቡና እዚያው ወንበሯ ላይ ተገላገለች። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በዓመቱ ቦንጋ ስመለስ ነገሩን ለአክስቴ ባል አጫወትኩት። ጋሼ ነው የምለው። የካፋ ተወላጅ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ቁጥብ ሰው ነው። «ኬላ ላይ ቀሙኝ» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ድሮ እኮ ኬሎ የእኛ ነበር» አለ። የተሳሳተ መሰለኝ። አማርኛ የማጠና ልጅ አይደለሁ! «ኬላ ነው የሚባለው ጋሼ» ብዬ አረምኩት። ፈገግ አለ። «የናንተ ኬላ ነው። የኛ ኬሎ ነው። አንድ ዓይነት ነገር አይደለም» አለኝ።

ይህችን ሁለት ፊደል ይዤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ዞሬያለሁ። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «ቃል ዕድሜ አለው፣ አገር ይቀይራል፣ ጌታ ይቀይራል» ስላቸው በሆዴ የማስባት እሷን ነበር። እስከ ዛሬ ግን በወጉ ጽፌባት አላውቅም።

አንድ ነገር ላስቀድም። በአማርኛ ጽሑፍ የአገሩ ስም «ከፋ» እየተባለ ኖሯል። ከፋ ማለት ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ አይገባም። ሰው አገሩ በተጠራ ቁጥር «ምን ከፋ?» እየተባለ ሲቀለድበት ደስ አይለውም። የአገሩ ሰዎች «ካፋ» ተብሎ እንዲጻፍ ይወዳሉ፣ እኔም እንደ እነሱ እጽፋለሁ።

ወደ ቃሏ እንመለስ። ዛሬ «ኬላ» ስንል የሚታየን መንገድ ላይ የተዘረጋ ገመድ ወይም ብረት፣ አጠገቡ የቆርቆሮ ጎጆ፣ ጎጆዋ በር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የጉምሩክ ኬላ አለ፤ የከሰልና የጣውላ ኬላ አለ፤ የከብት ኬላ አለ፤ የቡና ኬላ አለ። ዕቃ ጭኖ ሳይቆም ያለፈ ሾፌር «ኬላ ሰበረ» ይባላል። ከቡታጅራ መንገድ ላይ ኬላ የምትባል ከተማ አለች፤ ነዋሪዎቿ ስሟን ሲጠሩ ስለ ፍተሻ የሚያስቡ አይመስለኝም። ሴት አያቴ ደግሞ ወሬ የማይቋጥርን ሰው «አፉ ኬላ የለውም» ትለው ነበር። ይህን አባባል ከሌላ ሰው ሰምቼው አላውቅም፣ የሷ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ በአያቴ አስተያየት ኬላ ማጣት ነውር ነው። ሰው ሲናገር የሚወጣውን የሚመዝንለት ጠባቂ ያስፈልገዋል። ከሁላችንም ይልቅ ለቃሏ የድሮ ትርጉም የቀረበችው እሷ ነበረች።

በኦሮምኛ «ኬላ» በር ማለት ነው፣ የአገር መግቢያ በር። በጊቤ ወንዝ ዙሪያ በነበሩት መንግሥታት፣ በሊሙ እናርያ፣ በጅማ፣ በጎማ፣ በጉማ፣ በጌራ፣ አገሩ በጉድባና በአጥር ይታጠር ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ማንም የማይሰፍርበት፣ ሳርና ቁጥቋጦ የወረሰው ባዶ መሬት ይተዋል። ይህን «ሞጋ» ይሉታል። መንገዱ አጥሩን በሚያቋርጥበት ቦታ ኬላ ይቆማል፤ አዛዡም «አባ ኬላ» ይባላል። ነጋዴ ሲገባ ይቆጠራል፣ ሲወጣም ይቆጠራል። ቀረጥ የሚከፈለው እዚያ ነው፤ እንግዳ ማን እንደ ሆነ የሚጠየቀውም እዚያ ነው።

ከጎጀብ ማዶ ያለው የካፋ መንግሥት በዚህ ረገድ ከሁሉም የጠበቀ ነበር። ተራራው፣ ደኑና ወንዙ የቻሉትን ያህል ይጠብቁታል። እነሱ ባልበቁበት ቦታ ሰው ጥልቅ ጉድባ ቆፍሮ፣ ከኋላው እንጨት ደርድሮ አጥሮታል። መግቢያዎቹ ጥቂት ናቸው። እነሱ ናቸው «ኬሎ» የሚባሉት። እንግዳ ኬሎ ላይ ይቆማል፣ ወሬው ወደ ውስጥ ይላካል፣ ከንጉሡ፣ ማለትም ከታቶው፣ መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። የተፈቀደለት ነጋዴም ቢሆን ያሻው ቦታ አይዞርም፤ የሚገበያይበት ቦታ የታወቀ ነው። አሁን በፓስፖርትና በቪዛ የምንሠራውን ሥራ ካፋዎች በጉድባና በእንጨት በር ይሠሩት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ከካፋ በስተምሥራቅ ደግሞ ዳውሮዎች የንጉሥ ሃላላ ካብ የሚባለውን የድንጋይ አጥር ሠርተዋል፤ እሱ ዛሬም ቆሞ ይታያል። የካፋው ግን አፈርና እንጨት ስለ ነበር ዝናብና ምስጥ በልተውታል። ታሪክ የሚያደላው ለድንጋይ ነው።

በዚህ በር ማለፍ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር ከሚያሳዩት ታሪኮች ሁሉ የምወደው የአንቷን ዳባዲን ነው። ይህ ሰው ፈረንሳዊ አሳሽና የቋንቋ አዋቂ ነበር። የግዕዝ የብራና መጻሕፍት የሰበሰበ፣ የአገራችንን ተራራና ወንዝ በመሣሪያ የለካ፣ ከዓመታት በኋላም ያማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመ ሰው ነው። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ዘንድ በእንግድነት ተቀምጦ ሳለ ካፋን ለማየት ልቡ ቋመጠ። በምን ይግባ? በ1843 እ.ኤ.አ. አባ ባጊቦ ከካፋ ሙሽራ ሊያመጣ ሽማግሌና አጀብ ሲልክ ዳባዲ አብሮ ተቀላቀለ። ቦንጋ ድረስ ዘልቆ ጥቂት ቀን ተቀምጦ ከሙሽራዋ ጋር ተመለሰ። ለማንም ነጭ ያልተከፈተውን በር በሠርገኛ ስም አለፈው ማለት ነው። በሠርግ ቀን ሚዜዎች በር ላይ ተገትረው ሠርገኛ የሚከለክሉበትን ጨዋታ ሁላችንም እናውቃለን። መጨረሻው ምንጊዜም መግባት ነው። ዳባዲ ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

ኬላ ግን ማስገባት ብቻ አይደለም ሥራው፤ አለማስወጣትም አለ። ከካፋ በስተሰሜን በምትዋሰነው በጌራ የሆነው ይህን ያሳያል። ቼኪና ኪያሪኒ የሚባሉ ሁለት ጣልያናውያን ወደ ደቡብ ሊያልፉ ጌራ ገቡ፤ የአገሪቱ ንግሥት ግን «መውጣት የለም» አለች። ኪያሪኒ እዚያው እንደ ተያዘ በ1879 እ.ኤ.አ. ሞተ። ጓደኛው ብዙ ከተለመነለት በኋላ ወጥቶ ያየውን ጻፈ። የውጭ ሰው በመሆናቸው ታሪካቸው በመጽሐፍ ቀረልን። በዚያው በር ላይ ቆመው «አትወጡም» የተባሉ የአገሬው ሰዎች፣ ገበሬዎች፣ ባሮች፣ ከባል የሸሹ ሴቶች፣ ስንት እንደ ሆኑ ግን የቆጠረ የለም።

ስለ ኬሎ ስጽፍ ልቤ ወደ ማሞገስ ያዘነብላል። «ራሱን የቻለ አገር፣ የራሱ በር፣ የራሱ ጠባቂ» ማለት ደስ ይላል። ጋሼም «ኬሎ የእኛ ነበር» ያለው በዚህ ስሜት ነው። ግን «እኛ» ማን ነው?

በካፋ መንግሥት የድንበር በሮችን ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ማንጆዎች አሉበት። ማንጆዎች በአደን፣ በኋላም ከሰልና እንጨት በመሸጥ የሚታወቁ፣ በሌላው ካፋ ዘንድ የተገለሉ ወገኖች ናቸው። ከእነሱ ጋር አይበላም፣ አይጋቡም፣ ቤት አያስገቧቸውም፤ መንገድ ላይ ሰው ሲያዩ ዳር ይዘው ያሳልፉ ነበር። በክረምቶቹ ቦንጋ ስቀመጥ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከሰል ይዞ የመጣ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ይጣራል፤ ገንዘቡን እዚያው ተቀብሎ ይሄዳል። አክስቴ ውሃ ልትሰጠው ብትፈልግ እንኳ ጎረቤት ምን ይላል ብላ ትፈራ ነበር። እንግዲህ ነገሩን አስቡት። በማንም ቤት በር እንዳይገባ የተከለከለ ሰው የአገሩን በር ይጠብቃል። ንጉሡን ሊያይ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው ፊት የሱን ነው። የንጉሦቹ ጎሣ ሚንጆ ይባላል። የበር ጠባቂዎቹ ማንጆ። በሁለቱ ስም መካከል ያለው ልዩነት አንዲት አናባቢ ናት። ለሃያ ዓመት ያህል ስለ ድምፀ ልሳንና ስለ ትርጉም ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት አናባቢ ይህን ያህል ስትሸከም ሌላ ቦታ አላየሁም።

ለጋሼ ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው። «ኬሎ የእናንተ ነበር ወይስ የማንጆዎቹ?» አልኩት። «አንተ ደግሞ» አለና ቡናውን ጠጣ። ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ከዚያ 1889 ዓ.ም. መጣ። የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ አዝማችነት ወደ ካፋ ዘመተ። ከምዕራብ ከኢሉባቦር ደጃዝማች ተሰማ ናደው፣ ከሰሜን የጅማው አባ ጅፋር አብረው ነበሩ። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሕዝቡን ይዞ በጫካው ውስጥ ለወራት ተዋጋ። ጉድባና አጥር የተሠሩት ጦርና ፈረስ ለመመለስ ነው። ጥይት ደግሞ ጉድባ አያቆመውም። ንጉሡ ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ሲሸሽ ከርሞ 1890 ዓ.ም. ሲጠባ፣ በዘመን መለወጫው ሰሞን ተያዘ። በብር ሰንሰለት ታስሮ ሄደ ይባላል። አገሩን ሳያይ በ1919 እ.ኤ.አ. በግዞት እንዳለ ሞተ።

በ1898 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ አንድ የሩሲያ መኮንን፣ አሌክሳንደር ቡላቶቪች፣ የራስ ወልደ ጊዮርጊስን ጦር ተከትሎ ወደ ቱርካና ሐይቅ አቅጣጫ ሲዘምት ካፋን አቋርጦ አለፈ። ራሱ ከአሸናፊው ወገን ጋር የሚሄድ፣ ምኒልክን የሚያደንቅ ሰው ነው። ያየው ግን ሰው የጠፋበት፣ ቤቱ የተቃጠለ፣ የሟች አጥንት በየመንገዱ የወደቀበት አገር ነበር፤ ሳይሸሽግም ጻፈው። ኬሎዎቹ የዚያን ጊዜ ክፍት ነበሩ። የሚጠብቃቸውም አልነበረም፣ የሚጠበቅም ነገር አልቀረም።

እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በሩ ሲሰበር ቃሉ አብሮ አልተሰበረም። ኬላ በአማርኛ በረታ፣ ተስፋፋ፣ በየመንገዱ በቀለ። ከደቡብና ከምዕራብ ቡና፣ የዝባድ ቅባት፣ ማርና ሰም ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ በየገዥው ግዛት ኬላ ያገኛል። አንዱን ከፍሎ ሲያልፍ ሌላው ይጠብቀዋል። የድሮው ኬሎ አንድ አገር ከሌላ አገር የሚለይበት መስመር ላይ ነበር። አዲሱ ኬላ ግን በአንድ አገር ውስጥ ነው። ፊቱንም አዙሯል። የቀድሞው ወደ ውጭ እያየ «ማን ሊገባ ነው?» ይል ነበር። አዲሱ ወደ ውስጥ እያየ «ምን ይዘህ ልትወጣ ነው?» ይላል። ጠባቂውም የተሾመው ከውስጥ አይደለም፣ ከሩቅ ነው።

ቃላት እንዲህ ሲገለበጡ የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። «ነጋድራስ» መጀመሪያ የነጋዴዎች አለቃ፣ ጉዞውን የሚመራ ሰው ነበር። ውሎ አድሮ ከነጋዴው ቀረጥ የሚሰበስበው ሹም ሆነ። ከኬላ ጋር የሚጎራበተው «ጉምሩክ» ከቱርክኛ የመጣ ነው፤ ቱርክ ከግሪክ፣ ግሪክም ከላቲን ወስዶታል። በላቲን ሥሩ ንግድ ማለት ነበር። ንግድ ማለት የነበረው ቃል ንግድን የሚያስቆመው መሥሪያ ቤት ስም ሆኖ አረፈ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህ ሁሉ አገርን እንዴት እንደሚያደኸይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስበውበታል። ራሳቸውም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል። መጽሐፋቸው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ዛሬም ሳነበው የትናንት ጋዜጣ ይመስለኛል።

ወደ ገመዱ ልመለስ፣ የኔ ቡና ወደ ተወሰደበት። በደርግ ዘመን ኬላ ጉልበቱ ከምንጊዜውም በላይ ነበር። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ከገበሬው በቁርጥ ዋጋ እህል የሚሰበስበው ኬላ ስላለ ነው። ነጋዴ ከጎጃም ጤፍ ገዝቶ እንደ ልቡ ወደ ወሎ መውሰድ አይችልም። እህል ከተረፈበት ወደ ጠፋበት እንዳይሄድ የሚያግድ ገመድ በረሃብ ዘመን ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት አያስፈልግም። ያ የእህል ኬላ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ካወጀ በኋላ ነው። በሰሞኑ የነበረው ሰው ያስታውሳል፤ ብዙ ቦታ ገበሬው ማንም ሳያዘው ገመዱን ራሱ በጠሰው።

የቡናው ኬላ ግን አልተነሣም። ነገሩን ከመንግሥት ወገን ካየነው ምክንያት ነበረው። በዚያን ጊዜ አገሪቱ ከውጭ ከምታገኘው ምንዛሪ ከግማሽ በላይ የሚመጣው ከቡና ነው። ገበሬው በቁርጥ ዋጋ ከሚሸጠው ይልቅ አዲስ አበባና ሰሜን ያለው ጠጪ የተሻለ ስለሚከፍል፣ ኬላ ካልኖረ ቡናው ሁሉ ጀበና ውስጥ ይቀራል። ይህ ስሌት ትክክል ነው። ግን ስሌቱን ከሌላው በኩል አንብቡት። ገበሬው ለጎረቤቱ ሲሸጥ የተሻለ የሚያገኝበትን ነገር ለመንግሥት ሲሸጥ ያነሰ እንዲያገኝ የሚያስገድደው ነገር ያ ገመድ ነው። ኬላው ቡናን አልጠበቀም፤ ዋጋውን ነው የጠበቀው። በዚህ መሃል ነው እርጉዞቹ የበዙት። ቡና በሬሳ ሳጥን ሲሄድ፣ በመኪና ጎማ ሲሄድ፣ በታዛቢ ፊት ተቆልቶ በሽታው ብቻ ሲጠረጠር የሰማነው ተረት ሁሉ ከዚያ ዘመን ነው። ቡና የተገኘበት አገር ሰው ቡናውን እንደ ሰረቀ ሌባ ይዞት ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከአምስት ኪሎዬ ይልቅ እሱ ያንገበግበኛል። የካፋ ቡና ጎጀብን ሲሻገር ስሙም ይቀራል። ጅማ ይደርሳል፤ ከሌላው ጋር ይደባለቃል፤ «የጅማ ቡና» ተብሎ ወደ ዓለም ይሄዳል። አውሮፓውያን ለመጠጡ የሰጡት ስም ከዐረቡ «ቀህዋ» በቱርክ በኩል የመጣ ነው የሚሉት ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ከካፋ ነው የሚሉም አሉ፤ ቦንጋ ላይ ቆሞ ይህን የሚጠራጠር ሰው አላጋጠመኝም። ካፋዎች ራሳቸው የሚሉት «ቡኖ» ነው። ስሙ ከየትም ይምጣ፣ ዓለም የሚጠጣው ነገር መንደሩን ከነስሙ ሳይዝ መሄዱ አያጠራጥርም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ቡና ቦንጋ ላይ መመርመርና ደረጃ ማግኘት ጀምሯል። የካፋ ስምም በዝርዝሩ ላይ ለብቻው ሰፈረ። ለብዙ ሰው ይህ የመዝገብ ጉዳይ ነው። ለጋሼ ግን አልነበረም፤ ወረቀቱን ያሳየኝ በሁለት እጁ ይዞ ነው።

ቃሏ ግን እስካሁን እረፍት አላገኘችም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ክልሎች መንገድ ዘጉ፤ ኬላ ላይ ሰው ግንባሩ በመሣሪያ እየተለካ ሲቆም የድሮው ኬሎ ሥራ ለጥቂት ወር ተመለሰ። «ከየት ነህ? የት ልትሄድ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያም በኋላ በብዙ መንገዶች ላይ ተጠየቀ፣ አንዳንዴም ለበሽታ ሳይሆን ለመታወቂያ። ከዚያ በፊት ደግሞ በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ሲከፈት፣ መኪና ቆሞ ገንዘብ የሚከፍልበትን ቦታ ምን እንበለው የሚል ጥያቄ ተነሥቶ መሆን አለበት። ድሮ ቢሆን ኬላ ነው፤ ሌላ ስም አይኖረውም። ያወጡለት ስም ግን «የክፍያ ጣቢያ» ሆነ። የቃሏን ዝና የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት ቦንጋ ሄድኩ። አክስቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ጋሼ አርጅቷል፣ ዓይኑ ደክሟል፣ ቡናው ግን አልቀረበትም። ከተማዋ ተለውጣለች። ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የቡና ሙዚየም አላት፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮም የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆናለች። ደኑ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። «ጥብቅ» የሚለውን ቃል ሳነብ መቼም ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ጉድባውን ማየት እፈልጋለሁ አልኩ። ጋሼ መራመድ ስለማይችል የልጅ ልጁን ሰጠኝ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ቀልጣፋ ልጅ። በሞተር ይዞኝ ሄዶ፣ ቀሪውን በእግር አዝግመን፣ ከአንድ ገበሬ ማሳ ጀርባ አደረሰኝ። ረጅም ስርጉድ ቦታ ነው፤ እንሰት ተተክሎበታል፤ ግርጌው ላይ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። ልጁ «ጎርፍ የቆፈረው ነው» አለኝ። ሰው የቆፈረው ነው አልኩት። ቀና ብሎ ግራና ቀኝ አየ። «ይሄን ሁሉ? ለምን?» አለ። እንግዳ እንዳይገባ አልኩ። «ታዲያ እርስዎ ገቡ አይደል ጋሼ?» ብሎ ሳቀ። እኔም በተራዬ ጋሼ ሆኛለሁ። በመልሱ ላይ ከሰል የተሸከሙ ሁለት ሰዎች አገኘን። መንገዱ ጠባብ ነው። ወረድ ብለው ዳር ሊይዙ ሲሉ ልጁ ቀድሞ ሞተሩን ወደ ጉድባው ጠርዝ አስጠግቶ ቆመላቸው። አለፉ። ማንም ምንም አላለም።

ልነሣ ስል ጋሼ ሠራተኛዋን ጠርቶ ቡና አስመጣ። በፌስታል ነው፣ አምስት ኪሎ። መዝኖ እንደ ሆነ አልጠየቅኩም። «የዛሬው ለአንተ ነው። እናትህም አክስትህም የሉም» አለ። ተቀብዬ ስሜው ወጣሁ። ሆቴል ገብቼ ሻንጣዬን ሳደራጅ ፌስታሉን የት እንዳደረግኩት ያስተዋልኩት ዚፑን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ከሁሉም በታች፣ ከሸሚዞቹ ሥር ነበር።

በማግስቱ መኪናችን ጎጀብ ድልድይ ስትቃረብ ሾፌሩ ፍጥነት ቀነሰ። ፊት ለፊት ከብት ይሻገር ነበር። ከብቶቹ እስኪያልፉ ቆምን። እጄ ሻንጣው ላይ ነበር።